ጀልባና ገመዱ
ስለ ረጅም የውሃ ጉዞና ስለ ጥገና ሙያ ታሪክ

ጉኑኖ ባሕር የሌላት ከተማ ናት። በወላይታ ደጋ፣ በዳሞት ሶሬ ወረዳ፣ ጥቅጥቅ ባለ የእንሰት ጓሮ መካከል የተቀመጠች በመሆንዋ ነዋሪዋ በየዕለቱ የሚያየው ውሃ ምንጭና ጅረት ነው። ይሁን እንጂ የወላይታን አገር በካርታ ላይ ለሚመለከት ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ይኸውም አገሩ በሁለት ታላላቅ ውሃዎች መካከል የተዘረጋ መሆኑ ነው። በደቡብ ምሥራቅ በኩል አባያ ሐይቅ፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ ወላይታን ከዳውሮ የሚለየው የኦሞ ወንዝ ይገኛሉ። በታሪክ መጻሕፍታችን ግን እነዚህ ውሃዎች ዘወትር የሚነሡት ወሰን ሆነው ነው፤ መንገድ ሆነው የተነሡበት ገጽ እጅግ ጥቂት ነው።

ጀልባ በታሪካችን ውስጥ ጨርሶ አልተጠቀሰም ማለት አይደለም። ተጠቅሷል። ነገር ግን የሚጠቀሰው አንድም በተሠራበት፣ አንድም በሰጠመበት ቀን ነው። በእነዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል ጀልባው በውሃ ላይ ያሳለፈው ዘመን፣ ማን እንዳደረቀው፣ ማን የላላውን ገመድ እንዳጠበቀ፣ ማን የተሰነጠቀውን መቅዘፊያ እንደ ለወጠ የሚናገር የለም። ሩቅ የሚሄድ ጀልባ ግን ሕይወቱ ያለው በዚህ ባልተጻፈው ክፍል ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ጀልባን ማን ሠራው የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ወደ ጎን ትቶ፣ ማን አኖረው ወደሚለው ያዘነብላል።

ከቅርቡ እንጀምር። አባያ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ካሉት የኢትዮጵያ ሐይቆች በስፋቱ ቀዳሚው ሲሆን፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጥልቀቱ ግን ያን ያህል አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ሥፍራ 13 ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ይህንም መልክ የሰጠው ከዙሪያው ደጋ በጎርፍ ታጥቦ የሚወርደው አፈር ነው። የብላቴ ወንዝ ከሰሜን ይዞት የሚገባው ደለል ከወላይታ መሬትም ተቆርሶ የሄደ ነው። በ1970ዎቹ በጉኑኖ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ከየማሳው የሚሸረሸረው አፈር ይለካ እንደ ነበረ ብዙ አንባብያን ያውቃሉ። ጣሊያናዊው አሳሽ ቦቴጎ በ1888 ዓ.ም. ከዚህ ሐይቅ ሲደርስ በአገሩ ንግሥት ስም ማርጋሪታ ብሎ ሰየመው፤ በሐይቁ ዳርና ደሴት የሚኖረው ሕዝብ ግን ከእርሱ መምጣት በፊትም ሐይቁን በየአቅጣጫው ያቋርጠው ነበር።

ያቋርጥበት የነበረውም ወጎሎ በተባለው ጀልባ ነው። ወጎሎ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ረግረግ ውስጥ ከሚበቅል፣ በሌላው ዓለም አምባች ተብሎ ከሚታወቅ እጅግ ቀላል እንጨት ነው። ግንዱ ወፍራም ቢመስልም አንድ ሰው ያለ ችግር በትከሻው ይሸከመዋል። ሠሪው ግንዶቹን ጎን ለጎን ደርድሮ በገመድ ያስራቸዋል፤ ፊቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ያሾለዋል። በጊዲቾ ደሴት የሚኖሩት የባይሶና የሐሮ ሕዝቦች፣ በምሥራቁ ዳርቻ ያሉት ጉጂዎችና በምዕራቡ በኩል ያሉት ጋሞዎች ሁሉ ይህን ዓይነት ጀልባ ያውቁታል። ጉማሬና አዞ በሞላበት ውሃ ላይ ሰው ቆሞ በእንዲህ ያለ የግንድ እስር ሲሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ እንግዳ ሁሉ ይገረማል።

ወጎሎ ምስማር የለውም፤ ቅጥራንም አይቀባም። ውሃ እንዳይገባበት ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ውሃው በግንዶቹ መካከል ይገባል፣ ይወጣል። የማይሰጥመው እንጨቱ ራሱ ተንሳፋፊ ስለ ሆነ ነው። ይህ ታላቅ ጥቅም ነው፤ ቀፎ ያለው ጀልባ ሲቀደድ ይሰጥማል፣ ወጎሎ ግን ሊቀደድ የሚችል ቀፎ የለውም። ጉዳቱ በሌላ በኩል ይመጣል። እንጨቱ ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣል፤ በጠጣም መጠን ይከብዳል፣ ዝቅም ይላል። ስለዚህ ከጉዞ በኋላ ከውሃ አውጥቶ ማድረቅ ግድ ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራልና በእርጥብነቱ የጠበቀው ገመድ ይላላል። ባለጀልባው ለሁለተኛ ጉዞ ከመነሣቱ በፊት እስሩን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ማጥበቅ ይኖርበታል። እንግዲህ የወጎሎ ባለቤት በውሃ ላይ ከሚያሳልፈው ጊዜ ይልቅ በየብስ ላይ ሆኖ ጀልባውን የሚጠብቅበት ጊዜ ቢበልጥ የሚያስደንቅ አይደለም።

የአባያ ነፋስ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ጧት ጸጥ ብሎ የዋለ የሚመስለው ውሃ ከሰዓት በኋላ ይነሣል። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ አጭርና ተከታታይ ይሆናል፤ ለታናሽ ጀልባ ከረጅምና ከዝግተኛ ሞገድ ይልቅ የሚያስቸግረው እንዲህ ያለው ነው። ስለሆነም ሰዓትን ማወቅ ከጀልባው ዕቃዎች እንደ አንዱ ይቆጠራል። መቅዘፊያውን የረሳና ጧትን ያሳለፈ እኩል ሳይዘጋጁ ወጥተዋል ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ወደ ጉኑኖ ልመለስ። በደጋው ጓሮ ሁሉ የሚተከለው እንሰት ቆጮና ቡላ ብቻ አይደለም የሚሰጠው። ሲፋቅ ቃጫ ይወጣዋል፤ ቃጫው ይፈተላል፣ ይገመዳል፤ ከብት ይታሰርበታል፣ ሸክም ይጠፈርበታል፣ የቤት ማገር ይያያዝበታል። የወላይታን ባህላዊ ቤት ከውስጥ ሆኖ ቀና ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ቀርከሃው እየጎበጠ ከጫፍ የሚገናኝበትን፣ እያንዳንዱም መገናኛ በእስር የተያዘበትን አሠራር ያስተውላል። ይህ የጀልባ ሠሪ ዕውቀት ነው፤ የተገለበጠ ብቻ ነው። የእስርን ጥበብ የሚያውቅ ሕዝብ ባሕር ባያይም የጀልባ ታሪክ ባዕዱ አይደለም። ይህን የምለው ለማሞካሸት አይደለም። የጀልባ ታሪክ፣ ቢያንስ በእኛ አካባቢ፣ ከእንጨት ይልቅ የገመድ ታሪክ መሆኑን የሚያሳዩ ማስረጃዎች ስላሉ ነው።

ከማስረጃዎቹ አንዱ ቃሉ ራሱ ነው። በአማርኛ ጀልባ የምንለው ከቀይ ባሕር ዓረቦች አነጋገር የመጣ ሲሆን፣ በዚያ ባሕር ላይ ጀልባ ይባል የነበረው የተሰፋ የእንጨት መርከብ ነው። በ1183 እ.ኤ.አ. ከአንዳሉስ ተነሥቶ ወደ መካ ይጓዝ የነበረው ኢብን ጁበይር በአፍሪካ ዳርቻ ካለው ከአይዛብ ወደብ ወደ ጅዳ በእንዲህ ያለ ጀልባ ተሻግሮ ያየውን ጽፏል። እንደ እርሱ አገላለጥ በጀልባው ውስጥ አንድም ምስማር አልነበረም። ሳንቃዎቹ ከኮኮናት ልጣጭ ጭረት በተገመደ ገመድ የተሰፉ ነበሩ። ከተሰፉም በኋላ ቅቤ ወይም የጉሎ ዘይት ወይም የሻርክ ዘይት ይቀቡ ነበር፤ ከሦስቱም የሻርኩን አብልጦ ያመሰግናል። ቅባቱ እንጨቱን አለስልሶ፣ በዚያ ባሕር በበዛው የድንጋይ ዛጎል ላይ ሲጋጭ እንዳይሰበር ይረዳው ነበር። ሸራው ከዘምባባ ዓይነት ቅጠል የተጠለፈ ሰሌን ነበረ።

ኢብን ጁበይር በዚህ አላበቃም። ባለጀልባዎቹ ትርፍ ፍለጋ ተሳፋሪውን እንደ ዶሮ በቅርጫት አጭቀው እንደሚጭኑ፣ የእነርሱ ድርሻ ጀልባ ማቅረብ እንደ ሆነና ነፍሱን መጠበቅ የተሳፋሪው ፋንታ መሆኑን ይናገሩ እንደ ነበር በምሬት ይገልጣል። አንድ ጉዞ የጀልባውን ዋጋ ከመለሰ ከዚያ በኋላ ቢጠፋም ግድ የላቸውም ነበር ማለት ነው። ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ክስ አሁንም ያልደበዘዘ ይመስለኛል። የተሰፋው ጀልባ ጥበብ ፍጹም ነበረ፤ የሚጠብቀው ሰው አሳብ ግን በተሳፋሪው ሕይወት ላይ አልነበረም። የጥገና ጉዳይ ከእጅ ሙያ አልፎ የሕሊና ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ አዱሊስን እናገኛለን። በ525 እ.ኤ.አ. ዐፄ ካሌብ ወደ ሂምያር ለመዝመት ሲዘጋጁ በአዱሊስ ወደብ በገበዛ የተሰበሰቡት መርከቦች ቁጥር በዘመኑ ስለ ናግራን ሰማዕታት በተጻፈው ገድል ተዘርዝሯል። ከአይላ 15፣ ከክሊስማ 20፣ ከዮታቤ 7፣ ከበረኒቄ 2፣ ከፈረሳን 7፣ ከሕንድ በኩል 9፣ በድምሩ 60። በዚህም ላይ ንጉሡ 10 መርከቦች በሕንድ አሠራር አሠርተዋል። በዚያው ምዕተ ዓመት የነበረው ፕሮኮፒዮስ የዚህ ባሕር ጀልባዎች በብረት ሳይሆን በገመድ የተያያዙ፣ ቅጥራንም የማይቀቡ መሆናቸውን መስክሯል። በዘመኑ ብዙ ሰዎች ከባሕሩ በታች ብረት የሚስብ ዓለት ስላለ ነው ይሉ የነበረውንም ተረት ውድቅ አድርጎታል፤ ምክንያቱ ብረት አለመኖሩ ነው ብሎ።

የታሪክ መምህራን ስለ ዘመቻው ሲያስተምሩ የሠራዊቱንና የነገሥታቱን ነገር በሰፊው ያወሳሉ፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን 70 መርከብ በአንድ ወደብ ተሰብስቦ የመነሻውን ወራት ሲጠብቅ ምን ማለት እንደ ሆነ ቆም ብለን እናስብ። የተሰፋ መርከብ ስፌቱ በየጊዜው ካልታደሰ ራሱን በራሱ ይፈታል። ስንት ሰው ስፌት ሲያድስ፣ ስንት ሰው ዘይት ሲቀባ፣ ስንት ሰው ገመድ ሲገምድ ከርሟል? የእነዚህ ሰዎች ስም በየትኛውም የድንጋይ ጽሑፍ ላይ አልተቀረጸም።

በጣና ሐይቅ ደግሞ ታንኳ አለ። ታንኳ ከደንገል የሚታሰር ሲሆን፣ በዚህ ሙያ የታወቁት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣውን ታንኳ ያላየ ጥቂት ነው። ዕድሜው አጭር ነው፤ በወራት ይቆጠራል። ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ቀዛፊው ዳር እንደ ደረሰ አውጥቶ ያቆመዋል፣ ፀሐይ ያሞቀዋል። ደንገሉን የሚቆርጠው፣ የሚያደርቀው፣ የሚያስረው እጅ ግን ለብዙ ዘመን የተናቀ እጅ ነበረ። በወላይታ ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ከማኅበሩ ማዕድ ይገለል እንደ ነበረ ሁሉ፣ በጣናም ዳር ወይጦው በሚሠራው ታንኳ የሚሻገረው ሰው ከወይጦው ጋር አብሮ አይበላም ነበር። ዕውቀቱ ሳይመዘገብ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ንቀት መሆኑ አያጠራጥርም። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚሁ ሐይቅ ላይ የደንገሉን ታንኳ አስፍተው፣ በእንጨት ወለል አንጥፈውና በእጅ የሚዞር መንኮራኩር አስገጥመው እንደ እንፋሎት መርከብ ሊያስኬዱ ሞክረዋል። አሳቡ ታላቅ ነበረ፤ ደንገሉ ግን ክብደቱን አልቻለም።

የደንገል ታሪክ በጣና ላይ አይቆምም። ለዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ የሚሆነውም ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው።

ኖርዌጃዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፆች የደንገል መርከብ ውቅያኖስ ሊያቋርጥ ይችል እንደ ነበረ በተግባር ለማሳየት በተነሣ ጊዜ፣ በግብፅ ራሷ ደንገል ጠፍቶ ነበርና ወደ ኢትዮጵያ ፊቱን አዞረ። ወደ ጣና መጥቶ ታንኳ እንዴት እንደሚሠራና እንደሚያዝ ተመለከተ። 12 ቶን ያህል የጣና ደንገል ተቆርጦ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ግብፅ ተላከ። በፒራሚዶቹ አጠገብ፣ ከቻድ ሐይቅ በመጡ የቡዱማ ሠሪዎች እጅ፣ 15 ሜትር የሚረዝም መርከብ ሆነ። ስሙም ራ ተባለ። ሊቃውንቱ ደንገል በውሃ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም እያሉ አስጠንቅቀው ነበር። ራ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ከሳፊ ወደብ ሰባት የሰባት አገር ሰዎችን አሳፍሮ ተነሣ። ከእነርሱም ጋር፣ ከወደቡ በስጦታ የተሰጠች አንዲት ትንሽ ዝንጀሮ ነበረች።

የጉዞው ችግር የጀመረው ወዲያው ነው። የመሪነት ሥራ የሚሠሩት ታላላቆቹ መቅዘፊያዎች ገና በመጀመሪያው ላይ ተሰበሩ። ነገር ግን ከመቅዘፊያው ይበልጥ የከፋው የገመድ ጉዳይ ሆነ። በጥንቱ የግብፅ ሥዕሎች ላይ የመርከቡ የኋላ ጫፍ ወደ ላይ ተጠምዝዞ ይታያል፤ ከጠማማው ጫፍም አንድ ገመድ ወደ ወለሉ ወርዶ ይታሰራል። ሠሪዎቹ ጠማማው ጫፍ ያለ ገመድም ቅርጹን ይዞ ስለቆመላቸው ያን ገመድ እንደ ማስጌጫ ቆጥረው ተዉት። ገመዱ ግን ጌጥ አልነበረም። ውሃው ከኋላ ሲመታ ጭራው እንደ ጅማት ተወጥሮ እንዲነሣ የሚያደርገው እርሱ ነበረ። ገመዱ ስላልነበረ ጭራው ቀስ በቀስ ወደ ባሕሩ ዘቀጠ። ጓደኞቹ ጭራውን ለማንሣት የሕይወት አድን ተንሳፋፊያቸውን ሳይቀር በመጋዝ ቆርጠው ከሥሩ ሊሸጉጡ ሞከሩ፤ ማዕበሉ ያንንም ነጥቆ ወሰደው።

ሁለተኛው ጉዳት ከእስሩ አሠራር መጣ። በውሃ ግፊት ወዲያና ወዲህ የሚንቀሳቀሰው የመጠለያ ጎጆ ከሥሩ ያለውን ገመድ እንደ መጋዝ ፈገፈገው። ገመድ በተበጠሰ ቁጥር የደንገል እስር ተፈታ፤ የተፈታው ደንገል ግን አልሰጠመም፤ ተንሳፎ ሄደ። ይህን ልብ ይሏል። ከ5000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ስምንት ሳምንት ያህል ተጉዞ፣ የጣና ደንገል በባሕሩ ላይ ጸንቶ ነበር። የከዳው ገመዱ ነው። ከባርባዶስ የአንድ ሳምንት ያህል መንገድ ሲቀራቸው መርከቢቱን ትተው ለእርዳታ በመጣችላቸው ጀልባ ተሳፈሩ።

በሚቀጥለው ዓመት ራ ሁለት ተሠራ። ደንገሉ አሁንም ከኢትዮጵያ ሲሆን፣ ሠሪዎቹ ግን በደቡብ አሜሪካ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አይማራዎች ነበሩ። መርከቢቱ ከፊተኛዋ ታጥራ 12 ሜትር ሆነች። አይማራዎቹ ሁለት ታላላቅ የደንገል ጥቅሎች አድርገው፣ በመካከላቸው ሦስተኛ ቀጭን ጥቅል አስገብተው፣ አንድ ገመድ ሳይቋረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዞረ ሁሉን አንድ ላይ እንዲያጠብቅ አድርገው አሰሩት። ራ ሁለት ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን፣ 6100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ፣ ሐምሌ 5 ቀን ባርባዶስ ገባች። በመንገድ ላይ ከታሰበው በላይ ውሃ ጠጥታ ዝቅ ብላ ስለ ነበረ መርከበኞቹ አላስፈላጊ ዕቃ ወደ ባሕር ይጥሉ ነበር። ለረጅም ጉዞ ማስታጠቅ ማለት መጨመር ብቻ እንዳልሆነ፣ ምን ምን እንደሚቀር መወሰንም እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። መርከቢቱ ኦስሎ በሚገኘው በኮንቲኪ ሙዝየም ተቀምጣለች።

የሁለቱን ጉዞዎች ልዩነት አንዳንዶች የቻድና የአይማራ ሠሪዎች ብልጫ አድርገው ያቀርቡታል። እኔ በዚህ አልስማማም። የቻድ ሠሪ በየማታው ከውሃ የሚወጣ፣ በየጊዜው የሚታደስ ጀልባ ነበረ የሚያውቀው። በአገሩ ሥራው ፍጹም ነበረ። ስምንት ሳምንት ዳር ለማይደርስ ጀልባ ግን ጥገናው ሁሉ አስቀድሞ በእስሩ ውስጥ መግባት ነበረበት። ረጅም ጉዞን ከአጭር የሚለየው ርቀቱ አይደለም፤ ማደሪያ ዳርቻ አለመኖሩ ነው።

ሄየርዳል በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ቲግሪስ የተባለች የሸምበቆ መርከብ ከኢራቅ አንሥቶ፣ በሕንድ ውቅያኖስ አምስት ወር ያህል ተጉዞ፣ ጅቡቲ ደረሰ። ወደ ቀይ ባሕር ሊቀጥል አሰበ። በዚያን ጊዜ አካባቢያችን ሁሉ በጦርነት ይነድ ስለ ነበር መንገድ ተዘጋበት። መጋቢት 25 ቀን 1970 ዓ.ም. መርከቢቱን በጅቡቲ ፊት ለፊት በተቃውሞ አቃጠላት። ገና ደህና ተንሳፋፊ ሳለች።

የብረት መርከብስ? በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ የነበረችው «ኢትዮጵያ» 95 ሜትር ያህል የምትረዝም፣ ቀድሞ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ያገለገለች መርከብ ነበረች። በጥር 1954 ዓ.ም. ወደ እኛ ተሻገረች። በምጽዋ የበዓል ቀን ነጭ የለበሱ መርከበኞች ተሰልፈውባት የተነሣው ፎቶግራፍ በብዙ ቤት ይገኛል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሸች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ለእኛ ለቲያትር ሰዎች የሚገባን ምሳሌ ልስጥ፤ ተመልካች መጋረጃው ሲከፈት ያጨበጭባል እንጂ መጋረጃው በምን ገመድ እንደ ተንጠለጠለ አይጠይቅም። ወደብ የሌለው መርከብ የጥገና ቦታ የለውም፤ የጥገና ቦታ የሌለው መርከብ ደግሞ ጠላት ባይመታውም ዝገት ይጨርሰዋል።

ስለ ወንዞቻችን አጭር ቃል ልጨምር። በ1960ና በ1961 ዓ.ም. መካከል የእንግሊዝ ወታደሮች በብላሽፎርድ ስኔል መሪነት አባይን ሲወርዱ፣ ከዓለቱ ጋር እየተላተሙ ያገለገሏቸው በአየር የሚነፉ የጎማ ጀልባዎች ነበሩ። ከመካከላቸውም አንድ ሰው ሰጥሞ ሞተ። በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኦሞን በጎማ ጀልባ የወረዱ አሜሪካውያን በወላይታና በዳውሮ መካከል ባለው ገደል ውስጥ አለፉ። ጎማው እንደ ደንገሉ ሁሉ መታጠፍ ያውቃል። እነዚህ ሰዎች ግን መጠገኛቸውን በሣጥን ይዘው የሚሄዱ፣ ሲጨርሱም ወደ አገራቸው የሚመለሱ ነበሩ። በወንዙ ዳር የተዉት ዕውቀት የለም።

አሁን ኦሞ ራሱ ተለውጧል። የጊቤ ሦስት ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። 243 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ግድብ ያቆመው ውሃ ወደ ላይ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል፤ ይህም ከአባያ ርዝመት እጥፍ በላይ ነው። ትናንት ገደል የነበረው ዛሬ ሐይቅ ነው፤ በእግር የሚወርዱበትና በወራጅ የሚሻገሩበት ሥፍራ ጀልባ የሚያስፈልገው ሆነ። ነገር ግን በአባያ ዳር እንዳለው ሰው ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ የጀልባ ልማድ በዚያ ገደል አፋፍ ለሚኖረው ደገኛ የለውም። የትኛው ነፋስ በየትኛው ሰዓት እንደሚነሣ፣ ጀልባ ስንት ሰው እንደሚችል፣ ገመድ መቼ እንደሚለወጥ የሚነግረው አሮጌ ቀዛፊ የለም። አንድ አዲስ ውሃ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ መጣ፤ ዕውቀቱ ግን ከውሃው ጋር አብሮ አልሞላም።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ማሠልጠኛ ብዙ የደጋ ልጆች የመርከብ መሐንዲስነት ተምረው በዓለም ውቅያኖሶች ላይ በሚሄዱ መርከቦች ተቀጥረዋል። የእነዚህ ወጣቶች ሥራ በአመዛኙ ጥገና ነው፤ ሞተሩን ማዳመጥ፣ ዘይቱን መለወጥ፣ የተደረገውን ሁሉ በመዝገብ ማስፈር። ባሕር ያላየ ልጅ በባሕር ላይ የተመሰገነ ጠጋኝ መሆኑ ከላይ ስለ እስር ጥበብ ያልኩትን የሚያጠናክር ይመስለኛል። ነገር ግን ያ ዕውቀት በእንግሊዝኛ መዝገብ ተይዞ በውቅያኖስ ላይ ይኖራል እንጂ ወደ አባያና ወደ ኦሞ አልወረደም።

ወደ እነዚህ ውሃዎች ቢወርድ የሚጠይቀው ዕቃ ያን ያህል ውድ አይደለም። በተሳፋሪው ቁጥር ልክ ተንሳፋፊ ሰደርያ፤ ከሁለቱ መቅዘፊያዎች ሌላ ሦስተኛ፤ ሞተር ያለው ጀልባ እንደ ሆነ ትርፍ ነዳጅና የሞተር መፍቻ፤ ውሃ መቅጃ፤ ረጅም ጠንካራ ገመድ፤ ፉጨትና የእጅ ባትሪ፤ በጀልባው ጎን ላይ ጭነቱ የሚያበቃበትን ከፍታ የሚያመለክት ደማቅ መሥመር። ይህ መሥመር ከተቀባ ዳር የቆመ ሰው ሁሉ፣ ማንበብ የማይችለውም ጭምር፣ ጀልባው ከልክ በላይ መጫኑን አይቶ ሊጮህ ይችላል። ቀለም ለመቀባት የአንድ ቀን ሥራ ነው። በአይዛብ ወደብ በ1183 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ መሥመር አልነበረም።